ለቅሶ ቤት የገባው በርጩማ

ጎረቤቴ ሙስጠፋ ጓሮው ውስጥ አሮጌ ጎማና የተሰባበረ ጀሪካን እያቀለጠ በርጩማ ይሠራል። በቀደም እዚሁ ሰፈራችን ሰቶ ሰመሮ፣ ለቅሶ ቤት የእድሩ ወንበር አልበቃ ሲል፣ በርጩማዎቹን በነፃ አመጣ። ሁሉም መረቀው። እኔ ከሟቿ ጋር ተኳርፈን እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል፤ ለይሉኝታ ነው የሄድኩት። ስለዚህ ዓይኔ ሥራ ፈትቷል። ሳየው ሙስጠፋ የሚያፈጠው ሐዘንተኞቹ ላይ ሳይሆን መቀመጫችን ላይ ነው!

ጠራሁትና በሹክሹክታ፣ "አንተ፣ ምን ታያለህ?" አልኩት።

"ወላሂ እትዬ ብርቄ፣ ለሙከራ ነው። ጎማና ፕላስቲክ ብቻቸውን አይያያዙም። ቀዩ በርጩማ ማያያዣ ዱቄት ገብቶበታል፣ ጥቁሩ አልገባበትም። የትኛው እንደሚጸና እያየሁ ነው።"

ጎንበስ ብዬ ባይ የተቀመጥኩት ጥቁሩ ላይ ነው። ልነሳ ስል ቄሱ ጸሎት ጀመሩ። መቀመጫዬን ትንሽ ከፍ አድርጌ በጉልበቴ ተንጠለጠልኩ። ጉልበቴ ሲከዳኝ በርጩማው ቀጭ አለና፣ "ወይኔ!" ብዬ ተዘረርኩ።

"ለካ እንዲህ ትወዳት ነበር!" ተብሎ ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ሙስጠፋ ሮጦ መጣና ስብርባሪውን እየለቀመ በጆሮዬ፣ "እትዬ፣ ኪሎዎ ስንት ነው?" አለኝ።