«ቀን አለኝ» የሚለው ፎልደር

ማውጫ ቂሟን ሆዷ ውስጥ አታስቀምጥም። ሆድማ ይረሳል። እሷ የምታስቀምጠው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ በቀን፣ በሰዓትና በሰው ለይታ።

«ማውጫ» ያሏት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ካርታ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። ሃያ ሦስት ሺህ የቧንቧ መስመር ካርታ በመንገድ፣ በሰፈርና በቫልቭ ለይታ፣ አንድ በአንድ በየፎልደሩ የደለደለችው እሷ ናት። ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ ወንዝ ሲሆን የጥገና ሠራተኞቹ ሌላ ሰው አይደውሉም። «ማውጫ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለው ቫልቭ የት ነው የተቀበረው?» ይሏታል። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ ማውሷን ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርጋ፣ «ከመብራቱ ምሰሶ አራት እርምጃ፣ አጥሩ ሥር» ትላለች። ቆፍረው ያገኙታል።

ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ለፍታ ድልደላውን ስትጨርስ ኃላፊው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስሙን ለጠፈበት! «እኔ የነደፍኩት የካርታ አደረጃጀት» ብሎ በበላዮቹ ፊት አቀረበው፣ ተጨበጨበለት፣ የመስታወት ሽልማቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገተረው። እሷንስ? «ጣቶቿ ፈጣን ናቸው» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው ምስጋናው።

ማውጫ ቆሽቷ አረረ። ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ማውራት ይችልበታል። «ተይው» አላት። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት።»

«እኔ መቼ ልጸልይ ነው አልኩህ?» አለችው።

በማግስቱ «የአሮጌ ወንበሮች ዝርዝር» የሚል ፎልደር ፈለገች። አሮጌ ወንበር ብሎ የሚገባ ሰው የለማ! እዚያ ውስጥ ሌላ ከፈተች፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ፣ እንዲህ እያለች ዘጠኝ ወረደች። ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው የሚባለውን ሳትሰማ ቀርታ አይደለም፤ ንዴት ጆሮ የለውም እንጂ። የመጨረሻውን «ቀን አለኝ» አለችው። በውስጡም «እሱ» የሚል ከፍታ በእጇ የጻፈቻቸውን ወረቀቶች ፎቶ፣ የድሮዎቹን ቅጂዎች፣ እያንዳንዱን ከነቀኑ አስገባችበት። ለኃላፊው የተዘጋጀ ማነቆ ነበር።

በእሱ ብቻ ብታቆም መልካም ነበር። ግን እጅ አንዴ ከለመደ ያው ነው። ሰላም ሳይላት ያለፈውን ዘበኛ ጻፈችው። መኪናው ውስጥ ቦታ የለም ያላትን ሾፌር ጻፈችው። በየቀኑ ከምሳ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጀመሪያ የምትከፍተው እሱን ሆነ። ዓመታት ሲያልፉ የሰዉ ቁጥር አሥራ ሰባት ደረሰ። ከአሥራ ሰባቱ አንዷ፣ እናንተዬ፣ ሳቂታ ነበረች።

ሳቂታ ማለት አብራት አንድ ክፍል የምትሠራ፣ አንድ ኮምፒውተር በተራ የምትጋራት ጓደኛዋ ናት። ጠዋት ሳቂታ ካርታ ስካን ታደርጋለች፣ ከሰዓት ማውጫ ትደለድላለች። የማውጫ ባል ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ አብራት የተቀመጠች ማን ሆነችና! ደግሞም ኃላፊው በምሳ ሰዓት ፍላሽ ይዞ ገብቶ ካርታዎቹን ሲገለብጥ፣ የማውጫን ስም እያጠፋ የራሱን ሲያስገባ፣ ከስካነሩ ጀርባ ሆና በዓይኗ ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ እሱም ሲወጣ አይቷታል። «የተጠየቅኩ ቀን አንድ ሳላስቀር ነው የምናገረው» ብላታለች።

ያ ቀን መጣ። ኃላፊው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በሹመት ሊወጣ ታጨ። ሁለት መርማሪዎች ሐሙስ መጥተው ቅሬታ ያለውን ሰው ሊሰሙ ነው ተባለ። ማውጫ በደስታ የምትሆነውን አጣች። ሐሙስ! ያን ወንበር ሊቀመጥበት ሲል ከሥሩ ትጎትተዋለች። ሰነዱ ዘጠኝ ፎልደር ወርዶ ይጠብቃል፣ ምስክሯ ጎኗ ተቀምጣ ትስቃለች። ሌላ ምን ቀራት? ባሏን ቀሚሷን ወገቡ ላይ እንዲያጠብላት አዘዘችው።

ማክሰኞ ግን አዲስ የፋይል ፕሮግራም ተጫነ ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ ለማብራሪያ አዳራሽ ተጠራ። ብዙ ፎልደር ያለበት የካርታ ክፍሉ ኮምፒውተር ስለሆነ እሱን ተሸክመው አመጡና ከፕሮጀክተር ጋር አገናኙት። ባለሙያው ድምፁ የሻከረ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። «ድሮ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያላችሁ ነበር የምትመለሱት» አለ። «አሁን የመጣችሁበት መንገድ እላይ ተጽፎ ይታያል፤ የፈለጋችሁት ላይ ስትጫኑ ትደርሳላችሁ። ሁለት ፎልደር ጎን ለጎን መክፈት ይቻላል። ፎልደሩ ውስጥ ስንት ፋይል እንዳለ ሳትከፍቱት ከስሙ ሥር ይነግራችኋል።» ማውጫ ሳትወድ በግድ ደስ አላት። ለሥራዋ የሚመች ነገር ነበር።

«ከሁሉ የምወደው ግን ይሄን ነው» አለ ባለሙያው። «በግራ በኩል ዝርዝር አለ። ማንም ሳያዘው፣ አዘውትራችሁ የምትገቡበትን ፎልደር ራሱ እየለቀመ ያወጣዋል። የቱንም ያህል ጥልቅ ቦታ ቢሆን በአንድ ንክኪ ትገባላችሁ። ይኸው!»

ግድግዳው ላይ፣ ከሃያ ሦስት ሺህ ካርታ በላይ፣ አንደኛ ሆኖ ወጣ፦ ቀን አለኝ።

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ማውጫ «ኧረ ቆይ!» ብላ ከመነሳቷ ባለሙያው ነክቶታል። አሥራ ሰባቱም በየቅጽል ስማቸው ተደርድረው ወጡ፤ ዘበኛው፣ ሾፌሩ፣ ሳቂታ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «እሱ»። 

ኃላፊው ልጅ አይደለም። «እሱ» ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ያን የምሳ ሰዓት ከስካነሩ ጀርባ ማን እንደነበረችም አልረሳም። ፈገግ አለና ለባለሙያው፣ «የሳቂታን ክፈትልን እስቲ፣ እንሳቅ» አለው።

ውስጡ ስልሳ አንድ ቂም ነበር። የመጀመሪያዎቹ እውነትም ያስቁ ነበር፤ «የኔን የመሰለ ቀሚስ ገዛች»፣ «መስኮቱን ሆነ ብላ ከፈተችው»። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፣ ሳቂታም አብራ ሳቀች። ባለሙያው ዝቅ ሲያደርገው ግን ይህ መጣ፦

«እናቷ ሞተች ብላ አሥር ቀን ቀረች። ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ። ስትመለስ ወፍራ መጣች።»

የሳቂታ ሳቅ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ቦርሳዋን አንስታ፣ ወንበሯን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች። «እሱ»ን ክፈቱት ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የራሱን ፈልጎ እየተጋፋ ነበር።

ሐሙስ ማውጫ ባሏ ያጠበበላትን ቀሚስ ለብሳ መርማሪዎቹ ፊት ቀረበች። ወረቀቶቿን ዘረጋች። «ይሄን ማንም ሊያዘጋጀው ይችላል» አሏት። «በዓይኑ ያየ ሰው አለሽ?»

«አለኝ» አለችና ሳቂታ ተጠራች።

ሳቂታ ገብታ ተቀመጠች። ኃላፊው ፍላሽ ይዞ ሲገባ አይተሻል ወይ አሏት። ማውጫን ዞራ እንኳ አላየቻትም። «አላስታውስም» አለች።

ኃላፊው ተሾመ። የመስታወት ሽልማቱን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ጎንበስ እያለ ለሁሉም እጅ እየነሳ ወጣ። ማውጫ ከንዴቷ ብዛት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሰኞ ሳቂታ «እንደምን አደርሽ» አለቻት፤ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። ከሰዓት ተራዋ ሲደርስ ማውጫ ኮምፒውተሩን ከፈተች። በግራ በኩል አዲስ ፎልደር ወጥቷል፤ «ማውጫ» ይላል። ከሥሩ፦ 1። ልትገባ ብትነካው ፓስወርድ ጠየቃት። ሳቂታ ከሰው ስህተት ተምራለች።

«ይሄ በስሜ ያለው ምንድን ነው?»

«እሱ? ምንም አይደል» አለች ሳቂታ፣ ካርታ እያስተካከለች።

ማክሰኞ 2 ሆነ፣ ረቡዕ 3። ማውጫ አነጋገሯን፣ አረማመዷን፣ አሳሳሏን ሳይቀር መጠንቀቅ ጀመረች። መስኮቱን ሳቂታ እንዳሻት ትከፍተዋለች። ቁጥሩ ግን ይጨምራል። ፓስወርዱን በሳቂታ የልደት ቀን ሞከረችው፣ እምቢ አለ። በእናቷ ስም ይሆናል ብላ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ለካስ የእናቷን ስም አታውቀውም። አሥራ አራት ዓመት አብረው ሠርተው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻትም ነበር።

«ተይው» አላት ባሏ።

«እንዴት አድርጌ ልተወው! ስለ እኔ እኮ ነው የምትጽፈው!»

በመጨረሻ ባሏን ለምና ለሳቂታ ጥሩ የአንገት ልብስ አሰፋች። አጣጥፋ፣ በወረቀት ጠቅልላ፣ ጠዋት ገና ስትገባ ሰጠቻት። «ይቅር በይኝ» አለቻት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሳቂታ ፈታችው፣ በጣቷ ዳሰሰችው፣ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችው። ከዚያ ከአዳራሹ ማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ምን አስቸገረሽ?» አለችና ዞራ ኪቦርዱን ሳብ አደረገች።

ማውጫ ከሰዓት ተራዋ ሲደርስ ተቀመጠች። ትናንት ስትወጣ አርባ አንድ ነበር። አሁን 42 ይላል።