ጥላዬን የቀማችኝ ሰዓት

ልጄ አሮጌ የእጅ ሰዓት ይሰበስባል። የሰው ልጅ ደመወዙን ይዞ ቦታ ይገዛል፣ ትዳር ይይዛል፤ የኔው ግን መሄድ ያቃተውን ሰዓት ሁሉ ከየሱቁ እየለቃቀመ ያመጣና የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ሆዱን ይከፍተዋል። ባለፈው ክረምት ምስር እየለቀምኩ ሳለ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አንዷን ሞላት፣ ትሪዬ ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና ይጠብቅ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ትሪው ተንዘረዘረ። ክብሪት ቤት ውስጥ የታሰረ ጢንዚዛ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ምስሩ ሁሉ ዘለለ፤ እኔም ሳላስበው እጄን ሰድጄ ሰዓቷን አፈንኳት።

"እማዬ፣ ምን ነካሽ? ደወል ያላት የእጅ ሰዓት እኮ ናት። ስንቱ ሰብሳቢ የሚፈልጋት!" አለኝ ደንግጦ።

አውቃታለሁ አልኩት። የማውቃት ግን እንደ እሱ በፍቅር ሳይሆን በቅናት ነው፤ ያውም ይሄ ሁሉ ዘመን ባላበረደው ቅናት።

ያደግኩት ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ የሮቢ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ ሽንኩርቱንና ትምባሆውን በሚያጠጣበት ቆላ ነው። አባቴ የውሃ አባት ነበር። የውሃ አባት ማለት ቦዩን ለገበሬው በየተራ የሚያካፍል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አምኖ የሚመርጠው ሰው ነው፤ በበጋ፣ ምድሩ እንደ ምጣድ ሲግል፣ በውሃ ተራ የተነሳ ወንድማማች ዶማ የሚማዘዝበት አገር ስለሆነ ሹመቱ የዋዛ አልነበረም። ያን ጊዜ ሰዓት ያለው ሰው በሰፈራችን አልነበረምና ተራው የሚለካው በጥላ ነው። አባቴ ከቦዩ መከፈያ አጠገብ ጠፍጣፋው መሬት ላይ ልጁን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ከዚያ የልጁን ጥላ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያጋጠመ በገዛ እግሩ ይለካል፤ ጥላው ከተባለው እግር ሲደርስ የአንዱ ተራ ያበቃና ውሃው ወደ ሌላው ማሳ ይዞራል። አያቴም አባቴን እያቆመ ነበር የለካው። በኋላም ወንድሞቼ ከትልቁ ጀምሮ ቆመዋል፤ አንዱ ጎርምሶ ለእርሻ ሲደርስ ታናሹ ይተካል። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

ከሕይወቴ ሁሉ የምወደው ያንን መቆም ነው። ፀሐይዋ አናቴን ስትበሳው፣ ላብ በጀርባዬ ሲንቆረቆር፣ የረጠበው የሽንኩርት ማሳ ሽታ በሙቀቱ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ትልልቆቹ ሰዎች የዳኛ መዶሻ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ዶማቸውን ተደግፈው እግሬ ሥር የወደቀውን ጥቁር ነገር ሲያዩ፣ በቃ ንግሥት ነበርኩ። አባቴ ዝምተኛ ነው። ከአፉ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ነበር፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ከወገቡ ቢላዋ አውጥቶ ሸንኮራ ይልጥና ለስላሳውን አንጓ ለኔ፣ ጠንካራውን ለራሱ ይቆርጣል። ጥላው እስኪረዝም አንድ ላይ ተቀምጠን ሸንኮራ እናኝካለን፤ እሱ ዓይኑን ከመሬት አይነቅልም። በየመሃሉ ያስነሳኝና ይለካኛል። እንደዚያ ተፈልጌ አላውቅም።

እንግዲህ ልጅ ያድጋል። የወንድሞቼ እድገት ጉዳት ሳያመጣ የቀረው ገና ሲመዘዙ ታናሻቸው ስለሚተካቸው ነው፤ እኔን ግን የሚተካኝ አልነበረምና ከሁሉም ረዝሜ ቆምኩ። እናቴ የቀሚሴን ጠርዝ ሁለት ጊዜ ለቀቀችው፤ ጎረቤቱ "አቤት ቁመት!" ይላል፤ በየቀኑ የሚለካኝ አባቴ ብቻ ነበር ማደጌን ያላየው። ከሰዓት በኋላ ተራ የነበረው ኡመር የሚባል ማሾ እህል የሚዘራ ጎረቤታችን ግን በማሳው አየው። እኔ በረዘምኩ ቁጥር ጥላዬ ቶሎ ስለሚደርስ ውሃው የማሳው ግማሽ ላይ እያለ ይዞርበታል። አንድ ቀን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሳ።

"ወላሂ ታደሰ፣ አንተ አላዳላህም" አለ። "ልጅህ ናት ያደገችብኝ።"

የሳቁ ብዛት! ዶማውን የጣለ ነበር። አባቴም ቀስ ብሎ ዞረና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ አንዲት የማያውቃት ረዥም ልጅ ጥላው ላይ የቆመችበት ይመስል ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መፍትሔውን ያመጣው ሰዒድ፣ የኡመር ልጅ ነው። በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ አጎት ነበረው፤ ያ አጎቱ ከአንድ መርከበኛ የገዛትን ደወል ያላት ሰዓት ጀውሃ ከተማ ምሳ ከሚበላበት ቤት ደጃፍ ልጁን አስጠርቶ ክንዱ ላይ አስሮለት ሄደ። ሁለት የመሙያ ጉጦች አሏት፣ አንዱ ለሰዓቱ፣ አንዱ ለደወሉ፤ ከሁለቱ ዘንጎች ሌላ አንድ ቀጭን ዘንግ ነበራት፤ እሷን የፈለጉት ሰዓት ላይ ሲያደርጓት ጊዜዋ ሲደርስ ትጮሃለች። ሽማግሌዎቹ ሞክረው አጨበጨቡ። አባቴ ራሱ ይያዛት ተብሎ ነበር፤ ጣቱ ግን ለዚያች ጉጥ ወፍራም ነበርና ሰዒድ ከነሰዓቱ አብሮት እንዲውል ተወሰነ።

እኔስ? እኔማ ትምህርት ቤት ገባሁ። "ሰዓቷ ገላገለችሽ" አሉኝ ሁሉም። እውነት ነው፤ ተምሬ መምህርት የሆንኩት በዚያች ጢንዚዛ ምክንያት ነው፤ ይህንን እያወቅኩ ጠላኋት። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴ በቦዩ በኩል ነው፤ አባቴና ሰዒድ የማንጎው ጥላ ሥር ጋደም ብለው አያቸዋለሁ። ጋደም ብለው! ከኔ ጋር አንድ ቀን ጋደም ብሎ አያውቅም። ለስላሳው አንጓ ሰዒድ እጅ ውስጥ ነው። እኔ ሆን ብዬ ፀሐይ ላይ እቆማለሁ፣ ጥላዬ ወደነሱ እንዲዘረጋ፤ አባቴ ቀና ብሎ፣ "ግቢ እንጂ ልጄ፣ ፀሐይ ይመታሻል" ይለኛል። ሰዓቷ ቦይ ውስጥ እንድትገባልኝ ማርያምን ስንት ጊዜ ለመንኳት። አልሰማችኝም። ቀናተኛ ጸሎት ከጣሪያ አያልፍም ነው መቼስ።

አባቴ ያረፈው እኔ ደብረ ብርሃን ሳስተምር ነው። ስደርስ ተቀብሯል። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከኛ ከልጆቹ ይልቅ ሰዒድ ተንሰቅስቆ ያለቅስ ነበር፤ ለቀስተኛውም "አይዞህ፣ ምን ታደርገዋለህ" እያለ እሱን ያጽናናል። ሀዘኔን ሳልጨርስ ተናደድኩ። እንባዬን እንኳ ቀደመኝ አልኩ በልቤ።

ይህንን ታሪክ ለልጄ ምስሩን ስለቅም ነገርኩት። እሱ ከነገሩ ሁሉ የሰማው አንድ ነገር ነው፤ ያቺ የሰዒድ ሰዓት ዛሬም ልትኖር እንደምትችል። እረፍት አላገኘም፤ መስከረም ሲጠባ መኪናውን አስነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ወደዚያ ሙቀት ይዞኝ ወረደ።

ሰዒድ ጢሙ ነጭ ሆኖ፣ የማንጎ ባለቤት ሆኖ፣ የልጅ ልጆቹ መሃል አገኘነው። "ወይኒ!" ብሎ ሲያቅፈኝ ክንዱ ላይ ሰዓት አልነበረም። ሰዓቷ ከሳጥን ወጣች፤ መስታወቷ ደብዝዟል፣ ትሄዳለች። ልጄ ወደ ብርሃን ይዞ ሲያገላብጣት ሰዒድ አይቶት ሳቀና፣ "የጋሼ ታደሰ የልጅ ልጅ አይደለህ? ያንተ ናት፣ ሐላል" አለው። ስንት ዘመን የቀናሁባት ሰዓት በቤተሰቤ እጅ ገባች። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ስለዚህ ሁልጊዜ ልጠይቅ የምፈልገውን ጠየቅሁት።

"ደወሉን ስትጠብቁ ምን ታወሩ ነበር፣ ሰዒድ?"

"እኛ?" አለና አሰበ። "ምንም አናወራ። ጋሼ ይዘፍን ነበር እንጂ።"

"ማን?"

"አባትሽ ነዋ። ጋደም ብሎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ። ሱብሃነላህ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! የማታውቂ አስመሰልሽው?"

አላውቅም። በቤታችን አባቴ ሲዘፍን የሰማ የለም። ከኔ ጋር መሬት መሬት እያየ ይቆጥር ነበር፤ ዓይኑን ከጥላዬ ቢነቅል የሰው ውሃ ያልፋል። ሰዓቷ ስትጠብቅለት ነው ዓይኑን ጨፍኖ የዘፈነው።

ዝፈንልኝ አልኩት። ግጥሙ ጠፍቶበታል፤ ዜማውን ግን አፉን ገጥሞ አንጎራጎረልኝ። ያረጀ የሰዒድ ድምፅ ነው፤ አባቴ በውስጡ የለም፤ የት ላይ ከፍ እንደሚያደርገው፣ የት ላይ እንደሚጎትተው ሰዒድ ብቻ ያውቃል፤ እሱ ሲሄድ ያም አብሮ ይሄዳል። ልጄ ሰዓቷን ጆሮው ላይ አድርጎ ፈገግ ይላል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሴት፣ ከሰዒድ ፊት ተቀምጬ፣ አባቴን ሲዘፍን የሰማውን፣ ሽበት የበቀለበትን ጆሮውን እያየሁ ቀናሁ።