የቲቸር አስካለ መነ ኪታባ

ዝናብ የመታው ሹራብ በሸተተኝ ቁጥር መቱ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላይብረሪ ትዝ ይለኝና እናደዳለሁ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዝናብ ሸሽተን ገብተን የላይብረሪዋ ቲቸር አስካለ ተረት ሲያነቡልን፣ በልጅነቱ ራሳቸው ቁቤ ያስቆጠሩት ዳይሬክተራችን ገባ።

«እንግዳ ስለሚመጣ አስወጪያቸው። ይሄ መነ ኪታባ ነው፤ የመጽሐፍ ቤት እንጂ የልጅ ቤት አይደለም።»

አንቺ አላቸው እኮ፣ እኛ ፊት።

«ልጅ የማይገባበትማ መጋዘን ነው፣ ልጄ» አሉት።

«ከማስተማር አንስተን እዚህ ያስቀመጥንሽ አፍሽን እንድትዘጊ ነበር።»

ቲቸር መጽሐፉን ይዘው አብረውን ወጡ። በረንዳው ላይ፣ እንግዶቹ እያዩ፣ ከቆርቆሮው ጩኸት በላይ እየጮኹ ተረቱን ጨረሱልን።

እዚያ የተቀመጡት ለቅጣት መሆኑ የገባኝ ገና አሁን ነው። ያኔማ ያን ሁሉ መጽሐፍ ሲሰጧቸው የሾሟቸው መስሎኝ እቀና ነበር።