በእጄ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

በደርግ ጊዜ ከቆቦ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ጎበዝ ሆኜ የተመረጥኩ እንዳይመስላችሁ፤ ደህና አድርጎ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ነው። እኔም እስክሪብቶዬን ደረት ኪሴ ላይ ሰክቼ መንጎራደድ አበዛሁ።

በዚያ ዓመት ከተራራው ወርዶ ማሳችንን የሚያጠጣው ጎርፍ ቀረና ማሽላችን ሳያፈራ ደረቀ። ቆቦ የእርዳታ እህል መጣ ተባለ። ከወረዳ የተላከው ካድሬ ግራር ሥር ሰበሰበንና፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ሕዝቡ ነው፣ ሁሉም ተነስቶ ችግሩን በራሱ አፍ ይናገር አለ። ደስ አለን። እስከዚያ ቀን ማን ጠይቆን ያውቃል?

ግን እኛ ዘንድ ደህና ሰው ርሃቡን በራሱ አፍ አያወራም፤ ነውር ነው። ተነስቶ "የእገሌ ቤት እሳት አልነደደም" የሚልለት ጎረቤቱ ነው። ካድሬው የሌላ አገር ሰው ነው፣ ይህን ከየት ይወቀው። እኔ ግን አውቃለሁ።

ተራው አጥር ለአጥር ከምንዋሰናቸው ጎረቤቴ ደረሰ። ባላቸው ሞተውባቸው ሦስት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ከቤታቸው ጭስ ሲወጣ ካየሁ ሦስት ቀን አልፎ ነበር። ካድሬው ችግራቸውን ሲጠይቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለብኝ" አሉ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ።

ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ተብያለሁ። የካድሬውን ፊት አየሁና ፈራሁ። "ችግር የለባቸውም" ብዬ ጻፍኩ። ሕዝቡም እጁን አወጣ፣ ጸደቀ።

በማግስቱ ልቤ አላስቀምጥ ቢለኝ በእግሬ ቆቦ ሄድኩ። ካድሬው ቃለ ጉባኤውን አውጥቶ የገዛ ፊርማዬን አሳየኝ፤ ጉባኤ ያጸደቀውን የሚሽረው ጉባኤ ብቻ ነው አለ። መቼ ይጠራል ስለው፣ ከበላይ ሲታዘዝ አለኝ። ምን ላድርግ? ተመለስኩ። ቤቴ የቀረችውን ማሽላ አካፈልኳቸው፤ እሷስ ለስንት ቀን ትበቃለች?

ትንሿን የልጅ ልጃቸውን ቀበርን። ከዚያ ሁለቱን ይዘው ጎብዬ ወዳሉ ዘመዶቻቸው ሊሄዱ ተነሱ። ልሸኛቸው ወጣሁና ይቅር ይበሉኝ ማለት አቃተኝ። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ቁጣም አልነበረባቸውም።

"አንተን እኮ ነበር የጠበቅሁ፣ ልጄ" አሉኝ።