የዘሃራ ምርቃት

ይህን ለሚስቴ እንኳን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ስነዳ ከተሳፋሪ ጋር ያላወራሁት ወሬ የለም፤ ይህችን ግን ዋጥኳት።

አባቴ ዱዓው መሬት የማይወድቅ ሰው ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጅ ሲድር፣ መንገድ ሲወጣ፣ መጥቶ እሱ ፊት እጁን ይዘረጋ ነበር። ታሞ መዳን እንደሌለው ሲገባው፣ "ዘሃራን ጥራልኝ፣ ልመርቃት" አለኝ። ዘሃራ ታናሽ እህቴ ናት፤ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ አገላብጬው፣ አጥቤው፣ የመጨረሻው ምርቃት ለሷ? ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም፤ ቀናሁ።

ስልኬን አውጥቼ መንገዱን አየሁ። ከዱባይ አዲስ አበባ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ሰዓት በረራ። ከዚያ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት። በዓይኔ አየሁት! አይቼም ቀና ብዬ፣ "አባቴ፣ በሰማይ ብቻ ሁለት ቀን ከሁለት ሌሊት ነው" አልኩት።

"ውይ ልጄን!" አለ። "ሁለት ቀን ሙሉ ሰማይ ላይ? ተዋት፣ እንዳትነግራት። አላደክማትም።"

እንዲህ ለሚያዝን ሰው እንዴት ይዋሻል? እኔ ዋሸሁ።

በማግስቱ "እጅህን ዘርጋ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ዘረጋሁ። የመረቀው ግን ዘሃራን ነበር። ክፉ አይንካሽ፣ ወልደሽ ሳሚ እያለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ረጅም ዱዓ አደረገላት። አሚን ያልኩት እኔ ነኝ። "አማና ነው፣ አድርስላት" ብሎኝ በዚያው ቀን ሞተ።

ቀብረነው እንደተመለስን ደወልኩላት። አሠሪዎቿን እንዴት እንዳስፈቀደች እንጃ፣ በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሱብሒን ዱባይ ሰግዳ፣ ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብን እኛ ቤት ሰገደች። አንድም ቃል አልወቀሰችኝም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ "ያስታመምከው አንተ ነህ፣ አላህ ይስጥህ" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ "ለኔ ምንም አላለም?" አለች። ብነግራት፣ መናገር ከቻለ ለምን አልጠራኸኝም ትለኛለች። "አንደበቱ ተይዞ ነበር" አልኳት። ከመጀመሪያው ውሸት ይሄኛው ይብሳል።

አይ ዘሃራ! እንደሷ ያለ ልብ የት ይገኛል? እዚያው ያገር ልጅ አግብታለች፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ትደውላለች፣ ልጆቼን በየስማቸው ትጠይቃለች። እሷ አልወለደችም። ባለፈው ጁምዓ፣ "ሰይዶ፣ አባቴ ሳይመርቀኝ ስለሞተ ይሆን?" አለችኝ። ማንንም ሳታማርር፣ ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ። እኔ "አላህ ያውቃል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

እኔም አውቃለሁ። ይቅር በሉኝ ብዬ አላስቸግራችሁም፤ ይቅርታው የናንተ አይደለም። አባቷ መርቋታል። ምርቃቷን ይዤባት የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።