ሁለት ጊዜ አስቀምጪው

እናቴ የኮምፒውተር ቁልፍ በጣቷ ነክታ አታውቅም ነበር፤ አያያዙን ግን ከእኔ አብልጣ ታውቃለች። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ ሲስቁ ደግሞ ያናድደኛል። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ኮምፒውተር ያለው ስንት ቤት ነበር? እኔ የማውቀው የእኛን ብቻ ነው። እኛም ብንሆን ጎረቤት እንዳያውቅብን በር ዘግተን ነበር የምንነካው።

ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ እንደተጻፈ ሲሰማ በማግስቱ ጠፋ። ጅቡቲ መግባቱን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው። ቀበሌ ተጠርታ ስትጠየቅ እናቴ «ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ቀረ፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ ደብዳቤም አልጻፈልኝም» ብላ ፈርማለች። ያኔ እውነቷን ነበር። በኋላ ግን ፊርማው ውሸት ሆነ። ቢታወቅባት የምትታሰረው እሷ ነበረች፤ እኔም እሷም ይህን አንድም ቀን አፍ አውጥተን ሳንነጋገር እናውቀው ነበር።

ፊርማውን ውሸት ያደረገው አንድ ካሴት ነው። ከመጋላ ሠፈር የምትመጣ፣ ጅቡቲ እየተመላለሰች ልብስ የምትነግድ ሴት ነበረች፤ እናቴ ቀፊራ ገበያ ስትወጣ ታውቃታለች። አንድ ጠዋት ቤታችን ገብታ ቡትቶ የመሰለ ጥቅል ፈታች። ውስጡ ከቢሮ መዝገብ የማይበልጥ፣ ጥቁር፣ ላዩ ላይ የላቲን ፊደል የተደረደረበት ነገር አለ። «ልጅሽ ነው የላከው። ወላሂ፣ ባቡሩ ውስጥ እላዩ ላይ ተቀምጬበት ነው የመጣሁት» አለች። ከዚያ ከደረቷ ካሴቱን አወጣች።

ካሴቱ በአንዱ በኩል የወንድሜ ድምፅ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ማሽኑ የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ነበሩበት። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ተቀጥሮ ነበር። ፕሮግራሞቹን ከደንበኞች ከቴፕ ወደ ቴፕ እየቀዳ ሰብስቧቸዋል፤ አንድም ሳንቲም አልከፈለባቸውም። ፊደል መምታት የሚያለማምድ አለ፣ የቀን መቁጠሪያ አለ፣ ስም በተርታ የሚደረድር አለ፣ እህል እየለቀመች የምትረዝም እባብ አለች።

የድምፁ በኩል የሚጀምረው በእናቴ ነው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ስሙን ይጠራል። እዚህ ላይ ያስላል። ጉልበቷን ይስማል፤ ጅቡቲ መሆኑን፣ ሙቀቱ ከድሬ እንደሚብስ፣ እንደማይራብ፣ ቀን ሲያልፍ እንደሚመጣ ይነግራታል። ሁለት ደቂቃ ብትሆን ነው። ከዚያ «አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ» ይልና ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፤ እስከ መጨረሻው ስለ ማሽኑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ፤ የማንጎ እጅ ይዘሽ እንዳትነኪው። አቧራ ጠላቱ ነው፤ ስትጨርሺ በጨርቅ ሸፍኚው። ከሥሩ አየር እንዲገባው ሁለት እንጨት ላይ አስቀምጪው፤ ሲግል አጥፍተሽ ጠብቂው። ካሴቱ አልነበብም ካለ ማሽኑን አትምቺው፤ ቴፑን ክፈቺና ካሴቱን የምትነካዋን ትንሽ ብረት በጥጥና በአልኮል ጥረጊያት። የቴፑን ድምፅ ሰባት ላይ አድርጊው፤ ስድስት አይሰማም፣ ስምንት ይጮህበታል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚጀምርበትን የቆጣሪውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፊ። የሠራሽውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አስቀምጪው፤ አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፋል። ሊጠፋብሽ የማትፈልጊው ካሴት ካለ ደግሞ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ስበሪያት፤ ከዚያ በኋላ ማንም በላዩ ሊቀዳበት አይችልም።

እኔ ይህን ሁለት ጊዜ ሰምቼ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። እናቴ ግን በየቀኑ ትሰማው ነበር። ሠፈሩ ምሳ በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት ቴፑን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ስለ ጥጥና ስለ አልኮል የሚያወራውን ልጇን ታዳምጣለች። «እማዬ»ን ሦስት አራት ጊዜ ታስመልሰዋለች፤ ሌላውንም አታስቀርም። እኔ ማሽኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ «ታጥበሻል?» ትለኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ያስቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ያበሳጨኛል።

ስለ ፕላስቲኳ ጥርስ ግን አልተስማማንም። በእኛ ሠፈር በካሴት መላላክ የራሱ ወግ ነበረው። ሰው አገር የወጣ ዘመድ ድምፁን ይልካል፤ ቤተሰብ ይሰማና በዚያው ካሴት ላይ መልሱን ቀድቶ በመጣበት እጅ ይመልሳል። ጥርሷን ሰብሮ ማስቀረት «ከዚህ በኋላ የምልህ የለኝም» እንደማለት ይቆጠራል። እናቴ መልሷን በሌላ ካሴት ቀድታ ልካ ይህን አስቀርታዋለች፤ ቢሆንም እኔ እንስበራት ስል እሷ አትሰበርም አለች። «የልጄን መንገድ አልዘጋም» አለችኝ። «እማዬ፣ ፕላስቲክ ነው እኮ» አልኳት። «ላንቺ ፕላስቲክ ነው» አለች። እልኸኛ ነበረች፤ እኔም የማን ልጅ ነኝ፣ ሦስት ቀን አኮረፍኳት።

ፍተሻው የመጣው በአንድ ሐሩር ቀን፣ ልክ በዚያች በምታዳምጥበት ሰዓት ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው ሲባል ጠዋት ሰምተን ነበር፤ ወደ እኛ በዚያው ቀን ይደርሳሉ ብሎ ያሰበ የለም። በሩ ሲንኳኳ እናቴ ቴፑን አጠፋች። እኔ ማሽኑን ጨርቅ ከማልበሴ በፊት ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ የፍተሻው ሰብሳቢ ገብቶ ነበር።

ሰብሳቢውን እናውቀዋለን። ወንድሜን አንደኛ ደረጃ ያስተማረ መምህር ነው፤ በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ዜና የሚያስነብበው እሱን ነበር፣ ድምፁ ጥሩ ነው እያለ። አሁን እናቴን ትክ ብሎ አየና «እርስዎ፣ ቤቱን እናያለን» አላት። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፤ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ብለን ነው ያደግነው። በእኛ አገር ሰው «እርስዎ» ሲልህ ወይ እንግዳ ነው ወይ ተጣልቶሃል።

ቁም ሣጥኑን አየ፣ አልጋው ሥር አየ፤ ያገኘውን የዘፈን ካሴት ሁሉ ለዘበኛው እያቀበለ ከረጢት ውስጥ አስከተተው። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ መጣ። «ይኼ ምንድነው?»

«የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው» አልኩት።

«ፊደል አለው። የጽሕፈት መኪና ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ታውቂያለሽ?» ታይፒስት ነኝ፤ ከእኔ የሚያውቀው የለም። «በይ አሠሪውና ልየው።»

ማሽኑ የሚሠራው ከካሴቱ ሲነበብለት ነው። ፕሮግራም ያለበት ካሴት ያ ብቻ ነው፤ ቴፑ ውስጥ የገባውም በወንድሜ ድምፅ በኩል ነው። አወጣሁና ገለበጥኩት። ተራ ነገር እንደሆነ ለማስመሰል ቀስ አልኩ፤ ቀስ ማለቴ አስታወቀብኝ መሰለኝ።

«ለምን ገለበጥሽው? በዚያኛው በኩል ምን አለ?»

«ባዶ ነው» አልኩ። አንዳንድ ውሸት ካፍ ሳይወጣ ማስረጃውን ይጠይቃል፤ ያ እንደዚያ ነበር።

ቴፑ ጮኸ፣ የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ መስመሮች ተራወጡ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። አልተነበበም። ደገምኩት፤ አልተነበበም። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «እስቲ በዚያኛው በኩል ሞክሪው» አለ። በዚያኛው በኩል ብሞክረው ከቴፑ የሚወጣው «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ነው። ቀጥሎ ስሙ ነው። ስሙንም ባይጠራ ድምፁን ይህ ሰውዬ ያውቀዋል።

ያኔ ነው እናቴ ከተቀመጠችበት የተነሣችው። ወደ ጓዳ ገብታ እጇን ስትታጠብ ተሰማኝ። ጥጥና አልኮል ይዛ መጣች፤ ቴፑን ከፍታ፣ ያቺን ትንሽ ብረት ሕፃን ዓይን የምታጸዳ ይመስል ጠረገቻት። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የድምፁን ቁልፍ አየችና ከስድስት ወደ ሰባት አመጣችው። «አሁን ይነበባል» አለች።

ተነበበ። እባቧ መጣች። ሰብሳቢው ቆሞ ጀመረ፣ ተቀመጠ፣ ሦስት ጊዜ ሞተበት፣ አራተኛ ጀመረ። ዘበኛው ጠመንጃውን ከግድግዳ አስደግፎ አንገቱን አሰገገ። ፍተሻው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ስም ይጽፋል?» አለ ድንገት። ሁለት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ስሙ ከላይ እስከ ታች መስኮቱን ሞላው። ደስ እንዳለው ያስታውቃል። «ይኼን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ማየት አለበት። ቢጠፋ ይቀራል?»

«ካሴት ላይ ካልተቀመጠ ይቀራል።»

«አስቀምጪዋ። ባዶ ነው ያልሽው በኩል ላይ አድርጊልኝ።»

ካሴቱን ከቴፑ አወጣሁት። ያስቀመጥኩት እንደሆነ ወንድሜ ይጠፋል። አላስቀምጥም ካልኩ ባዶ ነው ያልኩትን ከፍቶ ይሰማል፣ እናቴንም ይዟት ይሄዳል። ሌላ ካሴት ላምጣ ልል አሰብኩ፤ የቤቱን ካሴቶች ዘበኛው መፍተሻ ከረጢቱ ውስጥ ከቷቸዋል። እናቴን አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ራሷ እጇን ዘርግታ ካሴቱን ከእጄ ወሰደች፣ ገለበጠችው፣ አስገባችው፣ እስከ መጀመሪያው ወደኋላ አጠነጠነችው።

«ባዶው ላይ አድርጊለት» አለች።

ቀይዋ የመቅጃ ቁልፍ ስትጫን እምቢ እንድትል ተመኘሁ። ጥርሷ ተሰብራ ቢሆን ኖሮ አትወርድም ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ሁላችንም ያልቅልን ነበር። ወረደች። ካሴቱ ዞረ፤ የሰውዬው ስም በወንድሜ ስም ላይ ተጻፈ። ቆጣሪው ሃያ ላይ ሲደርስ አለቀ። ሰብሳቢው ለመነሣት ተዘጋጀ።

ከሃያ በኋላ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ወረቀቴ ላይ ጽፌዋለሁ። ሃያ አንድ ላይ ወንድሜ ጅቡቲ ነው፣ ሠላሳ ላይ አይራብም፣ ሠላሳ ስምንት ላይ ይመጣል። የማሽኑ ነገር የሚጀምረው አርባ ላይ ነው።

«ሁለት ጊዜ ነው የሚቀመጠው» አለች እናቴ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቴፑ እያየች ነበር የተናገረችው። «አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይተርፋል።»

ሰብሳቢው «ልክ ናት» አለ። ሁለተኛ አስቀመጥኩት። ቆጣሪው አርባ ላይ ቆመ።

«እስቲ የተቀመጠውን አሰሚኝ።»

ወደኋላ አጠነጠንኩና ከፈትኩት። ጩኸት፣ ዝምታ፣ ጩኸት። ሰውዬው ግንባሩን ቋጥሮ ይሰማል፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። እኔ ቆጣሪውን ነው የማየው። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ስምንት። «ልዝጋው?» ብለው ይጠረጥራል፣ ዝም ብለው የወንድሜ ድምፅ ይመጣል። ሠላሳ ዘጠኝ።

«ዝጊው፣ ጆሮዬን ጠለዘው» አለ።

ዘጋሁት። ከረጢቱ ውስጥ ያሉትን ካሴቶች ወሰደ፤ ያንን ካሴት ለቀበሌ ስብሰባ እስክጠራ እንዳስቀምጠው ነግሮኝ ተወው። በሩ ላይ ዞር ብሎ እናቴን «ልጅሽ ከመጣ ንገሪኝ» አላት። «አንቺ» ማለቱን ልብ አልኩ። ለስብሰባ የጠራኝ የለም።

በሩ ሲዘጋ «ባዶ ነው» በማለቴ ይቅርታ ልጠይቃት ጀምሬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። «ቢላ አምጪ» አለችኝ። «አሁን ስበሪያት።» ጥርሷ በቀላሉ ተሰበረች።

ሌላ ካሴት ይልካል ብለን ነበር። አልላከም። በዚያው ዓመት ወባ ይዞት እዚያው መሞቱን የነገረችን ያችው የመጋላዋ ሴት ናት። ደርግ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ከጅቡቲ ሲመለስ እናቴ ባቡር ጣቢያ አልሄደችም።

ካሴቱን ግን እስክትሞት ሰምታዋለች። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን እጇን ትታጠብና «አርባ ላይ አቁሚልኝ» ትለኛለች። እኔ አርባ ላይ አቆማለሁ። ከዚያ እሷ ትጀምራለች፤ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ትላለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ እሱ ያሳለበት ቦታ ላይ ታስላለች። ጉልበቷን ትስማለች። ሙቀቱ ከድሬ እንደሚብስ፣ እንደማይራብ፣ ቀን ሲያልፍ እንደሚመጣ ለራሷ ትነግራለች። አንድ ቃል አትዘልም። ስትጨርስ ራሷን ትነቀንቅልኛለች፤ እኔም ቁልፉን እጫናለሁ፤ ወንድሜ ካቆመችበት ተቀብሎ «አሁን ወደ ማሽኑ እንሂድ፤ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» ይላል።