ዘንጎላ የምትባል አገር የለችም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርሁም፤ ሐይቁ ዳር አብሮኝ ለሚቀመጥ ወዳጄም አልነገርሁም። የምጽፈው እንቅልፍ ነሥቶኝ አይደለም። ጡረታ ወጥቼ ሐይቅ ከተማ ገብቻለሁ። ጠዋት ውሃው ዳር እሄዳለሁ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ ገዝቼ ቤቴ እገባለሁ። ኑሮዬ ደልቶኛል። ነገሩን ያስታወሰኝም እንዲህ ደልቶኝ መኖሬ ነው። በእኔ ምክንያት ሁለት ሰዎች እንዲህ ሳይደላቸው ከርመው ነበርና።

ዕድሜዬን ሙሉ ዘጋቢ ነበርሁ። ያላየሁትን አልጻፍሁም፤ ሁለት ሰው ያላረጋገጠልኝን አላወጣሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የምሠራበት ሳምንታዊ ጋዜጣ የሽሙጥ ዓምድ ፈለገና በብዕር ስም ልብ ወለድ ጀመርሁ። ዘንጎላ የምትባል አገር ፈጠርሁ። የሚገዛት የሦስት ግራ ዘመም ፓርቲዎች ጥምረት ነው፤ የገበሬው፣ የሠራተኛውና የመምህራኑ። መሪዎቹ ጓድ ይባባላሉ፣ ሥልጣን ይከፋፈላሉ፣ አንዱ ዞር ሲል ሌላው ወንበሩን ያያል። አንባቢ ወደደው።

አንድ ሳምንት የምጽፈው አጣሁ።

በዚያው ሳምንት ከውጫሌ በላይ ባለችው የትውልድ መንደሬ እርቅ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሚያስታርቁትን ሽማግሌዎች አበጋር እንላቸዋለን፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። አጎቴ አበጋር ስለነበር ተከትዬው ሄድሁ። ባለጉዳዮቹ አንድ የመስኖ ቦይ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ አያ ሰይድና አያ ደምሴ። የአያ ደምሴ ሽንኩርት ደርቆበታል፤ ውሃውን ማን እንዳዞረበት ግን አልታወቀም። በአበጋር ፊት አይዋሽምና አያ ሰይድ ተነሥቶ ተናገረ። ደምሴ እናቱን ሊቀብር በሄደበት ቀን፣ ተራው የደምሴ ሆኖ ሳለ፣ አረንጓዴ ካፖርቱን አውልቆ ቦዩን በእሱ ወትፎ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ መልሶታል። እያለቀሰ ነው የተናገረው። ደምሴ ተነሥቶ አቀፈው። አጎቴም፣ “እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀበራል፤ ያወጣው ሰው የኛ አይደለም” አለ። ዱዓ ተደረገ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልሁ።

አሚን ብዬ ሄጄ ጻፍሁት።

የዘንጎላ ገበሬዎች ፓርቲ ሊቀመንበር፣ የሠራተኛው መሪ እናቱን ሊቀብር በሄደበት ቀን፣ የጥምረቱን ቦይ ወደ ራሱ እርሻ አዞረ ብዬ ጻፍሁ። ካፖርቱም አረንጓዴ፣ ሽንኩርቱም ሽንኩርት። አገር ሙሉ የፈጠርሁ ሰው አንድ ካፖርት መፍጠር እንዴት አቃተኝ? ዝርዝር አለመለወጥ ልማዴ ነበር፤ በልማዴም እኮራ ነበር። በዚያው ኩራት ሰው አዋረድሁ።

ጋዜጣው ውጫሌ ሲደርስ ሻይ ቤት ጮክ ተብሎ ተነበበ። ያን ካፖርት የማያውቅ አልነበረም። አያ ሰይድ ገበያ ሲወጣ፣ “ሊቀመንበር! ዛሬስ የማን ቀብር አለ?” ይለዋል አንዱ። “ኧረ ቦዩን ጠብቁ፣ ካፖርቱን ለብሶ መጥቷል!” ይላል ሌላው። ለጁምዓ እንኳ የመንደሩን መስጊድ ትቶ ማዶ ይሄድ ጀመር።

የብዕር ስሙ የኔ መሆኑን ማንም አያውቅም። አበጋር አያወጣም፤ እኔም የአበጋር ዘመድ ነኝ። ስለዚህ ጥርጣሬው በተበዳዩ ላይ ወደቀ።

“ይቅር አልኸኝ ብዬ ስደሰት ለጋዜጣ ሰጠኸኝ” አለው ሰይድ።

“ግሸን ማርያምን! አልተናገርሁም” አለ ደምሴ።

አላመነውም። ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ ማሳቸውንም በዘበኛ ያጠጡ ጀመር።

አንድ ቀን አያ ሰይድ እኔው ዘንድ መጣ። “አንተ የሙያው ሰው ነህ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ማን እንዳወጣብኝ አጣራልኝ።” አጣራለሁ አልሁት። እኔ፣ የጻፍሁት ሰው፣ አጣራለሁ አልሁት! ከሳምንት በኋላ፣ “አያ ሰይድ፣ ጋዜጠኛ ምንጩን አይገልጥም፤ ሕጋችን ነው” ብዬ መለስሁት።

“እንግዲያ ሕጋችሁ እንደኛው ነው። ያፈረሰው ደምሴ ብቻ ነው” ብሎኝ ሄደ።

ከዚህ በላይ ውሸት አለ? አንዲት ሐሰት ቃል ሳልናገር ነው የዋሸሁት።

ዓመታት አልፈው አያ ደምሴ ጠናበት። አያ ሰይድ ሊጠይቀው ገባ፤ እኔም እዚያው ነበርሁ። “ደምሴ፣ ያወጣህብኝን ይቅር ብዬሃለሁ” አለው። ደምሴ ጣሪያውን አየ። ከዚያ፣ “እሱ ይቅር ይበለን” አለ። ዳግመኛ አልማለም። ከጎረቤቱ ጋር መኖሩ በልጦበት ያልሠራውን ተሸከመ። እኔስ ምን አልሁ? አልጋው ግርጌ ቆሜ ምንም አላልሁም።

ደምሴ ዳነ። ዛሬ ማሳቸውን ያለ ዘበኛ ያጠጣሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ ባጃጅ ውስጥ ሲሳሳቁ አየኋቸውና ደስ አለኝ። “ታዲያ ሰላም ከሆኑ ምን ልቆስቁስ?” ስል ኖሬአለሁ። ሰበብ ነው። ሰላማቸው የቆመው ደምሴ ቃሉን አፍራሽ ነው በሚል ነገር ላይ ነው፤ እሱን እዚያ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ወጣት ነበርሁ አልልም፤ አልነበርሁም። አለቃዬ አዞኝ ነው አልልም፤ አላዘዘኝም።

አያ ሰይድ፣ የጻፈውም ያወጣውም እኔ ነኝ። አያ ደምሴ፣ ያን ቀን የተቀበልኸው ይቅርታ ያንተ አልነበረም። ለሰይድ መልስለት። ቢሰጠኝም ባይሰጠኝም፣ እኔ ራሴ መጥቼ እለምነዋለሁ።